የቅርጫ ሥጋ በኑድል

በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ቻዎሻን የሚባል አካባቢ አለ። የበሬ ሥጋ ድቡልቡል በመሥራት የታወቀ አገር ነው። የዚያ አገር ባለሙያ ሥጋ ሲመርጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣራው በሬው መቼ እንደታረደ ነው። ሥጋው ከታረደ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሆነው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልገባ መሆን አለበት። ከዚያ በሁለት እጁ ሁለት የብረት ዘንግ ይዞ፣ እያፈራረቀ፣ ቀዩ ሥጋ ልሙጥ ሊጥ እስኪመስል ይቀጠቅጠዋል። እንዲህ የተሠራ ድቡልቡል ጥርስ ሲነካው ይለጠጣል፤ ሳህን ላይ ሲጣል ይነጥራል። ለስላሳ ኑድል በሾርባ ቀርቦ እሱ ከላይ ሲቀመጥበት፣ ከቻይና እስከ ቬትናም፣ ከታይላንድ እስከ ኢንዶኔዥያ በየመንገዱ ዳር የሚበላው ምግብ ይሆናል።

ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ቅርጫን ሳያስብ አይቀርም። በፋሲካ ማለዳ ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ይጥላል። ሥጋው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደረደራል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ረፋዱ ላይ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ቻዎሻናዊው ባለሙያ የሚፈልገው ሥጋ ይኸው ነው። ያ ሥጋ በሚገባበት ቤት ደግሞ ጥግ ላይ ሙቀጫና ዘነዘና አለ።

ብዙ ሰው ይህን ምግብ የሩቅ አገር ጠርሙስና ፓኬት ካልተሟላ የማይሞከር አድርጎ ያየዋል። ሶያ ሶስ የለኝም፣ የሰሊጥ ዘይት የለኝም ብሎ ይተወዋል። እኔ የማምነው ሌላ ነው። የዚህ ምግብ አስቸጋሪው ክፍል ሥጋው ነው፤ ሥጋውን ደግሞ በጎጃም ያለ ቤት በትልቅ የእስያ ከተማ ፎቅ ላይ ከሚኖርና ከሱፐርማርኬት ከሚሸምት ሰው ይልቅ በቀላሉ ያገኘዋል። የጠርሙሱ ነገር በኋላ ይደርሳል።

በሬ ከታረደ በኋላ ጡንቻው ወዲያው አይሞትም። ቅርጫ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ተገፎ የተሰቀለ ሥጋ ሲርገበገብ አይቷል። እንዲህ የሚሆነው ጡንቻው በሕይወት ሳለ ይንቀሳቀስበት የነበረው ጉልበት፣ ሳይንቲስቶች ኤቲፒ የሚሉት፣ ገና ስላላለቀ ነው። ጉልበቱ እስካለ ድረስ ማዮሲንና አክቲን የሚባሉት የጡንቻ ክሮች እየተያያዙ መላቀቅ ይችላሉ። ሲያልቅ ግን እንደተቆላለፉ ይቀራሉ፤ ሥጋውም ይገተራል። በበሬ ሥጋ መገተሩ በአብዛኛው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጠናቀቃል። ሥጋው እስከዚያው ወደ አሲድነት ይሄዳል፤ በሕይወት ሳለ 7 አካባቢ የነበረው ፒኤች በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል።

ለድቡልቡሉ የሚያስፈልገን ማዮሲኑ ነው። ጨው ሲያገኘው ከክሩ ተላቆ ይሟሟል፣ እንደ ሙጫም ይጣበቃል። ሙቀት ሲደርስበት ደግሞ መረብ ሠርቶ፣ ውሃውን ውስጡ ይዞ ይረጋል። ያ የመለጠጥ ባሕርይ የሚመጣው ከዚህ መረብ ነው። ክሮቹ ሳይቆላለፉ፣ አሲዱም ሳይበዛ ጨው የነካው ሥጋ እጅግ ብዙ ማዮሲን ይለቃል። የቋሊማ ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ትኩስ ሥጋ ሲያገኙ ሳይገተር ፈጥነው ጨው ያለብሱታል። እንግዲህ ከቅርጫ መልስ፣ ዝልዝሉ ሳይዘለዘል፣ ለድቡልቡል የታሰበውን ሥጋ ለይቶ ጨው ማልበስ ይቀድማል። ለአንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ከ15 እስከ 20 ግራም ደቃቅ ጨው ይበቃል፤ ተስተካክሎ የተሞላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው።

ከመደቡ የሚመረጠው ከታፋ የወጣ ቀይ ሥጋ ነው። ሻኛው ለቁርጥ ይቆይ፣ ጎድኑም ለጥብሱ። ጅማቱ ተለቅሞ ይወጣል፣ ስቡም እንዲሁ፤ ስብ ገና ከመጀመሪያው ከገባ ማዮሲኑ እርስ በርሱ እንዳይያያዝ መሐል ይገባል። ጮማ የሚወድ ሰው መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቅቆ የተከተፈ ቢጨምርበት ያጣፍጠዋል እንጂ አያበላሸውም።

አሁን የክንድ ሥራው ይጀምራል። ሥጋው አውራ ጣት በሚያህል መጠን ተቆርጦ፣ ጨዉ ተነስንሶበት፣ እፍኝ እፍኝ እየተደረገ ሙቀጫ ውስጥ ይገባል። ሙቀጫው ቡናና በርበሬ ሲወቀጥበት የኖረ ከሆነ ቀድሞ በፈላ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። የሥጋ መፍጫ ማሽን ያለው ሰው ለምን እደክማለሁ ይል ይሆናል። የማሽኑ ስለት ግን ክሩን ይቆራርጠዋል፤ ዘነዘና ሳይቆርጥ ይፈለቅቀዋል። ክሩ ረዝሞ ሲቀር መረቡ ይጠነክራል፣ የቻዎሻን ሰዎችም ብረት ዘንግ የሚይዙት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ሥጋው ይሸሻል፣ ይፈናጠራል። ቆይቶ መሰብሰብ ይጀምራል፤ ቀለሙ ከቀይ ወደ ፈዛዛ ሮዝ ይሄዳል፤ ዘነዘናው ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ለአንድ ኪሎ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚሆን ውቀጣ ስለሚጠይቅ ተፈራርቆ መወቀጥ ይሻላል፤ ከቅርጫ መልስ ቤት የሚውሉ ወጣት ወንዶች ካሉ ተራው የእነሱ ይሁን። መድረሱ የሚታወቀው ጥቂት ቆንጥሮ መዳፍ ላይ ለጥፎ መዳፉን በመገልበጥ ነው። ካልወደቀ ደርሷል። ያኔ ግማሽ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ እያንጠባጠቡ መቀላቀል ይጀመራል፤ ሥጋው ሲጠጣው ሌላ ይጨመርለታል። ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስታርች ይከተላሉ።

ምንቸት አብሽ ከዚሁ ከቀይ ሥጋ ይሠራል፤ ግን ማንም ምንቸት አብሽ ይለጠጥልኝ ብሎ አይጠብቅም። እዚያ ሥጋው ደቅቆ ተከትፎ፣ በተቁላላ ሽንኩርትና በቅቤ ውስጥ ይገባል፤ ጨዉ ወደ መጨረሻው ነው። ፕሮቲኑ ጨው ሳያገኝ በሙቀት ስለሚረጋ እያንዳንዷ ቅንጣት ለብቻዋ ትቀራለች፤ የምንቸቱ ውበትም ያ መፈርፈሩ ነው። ሁለቱን ምግቦች የለያያቸው ጨው የገባበት ሰዓትና የዘነዘናው ጉልበት ነው።

ቅርጫ የሚገኘው ለበዓል ነው፤ በሌላው የፍስክ ቀን ሰው የሚገዛው ከሥጋ ቤት ነው። ሥጋው በአብዛኛው ሌሊት ታርዶ ጠዋት ስለሚሰቀል ማልዶ መሄድ ያዋጣል። አመሻሽ ላይ የተገዛ ሥጋም ይሆናል፣ ጠባዩ ግን ተለውጧል። ማዮሲኑን በግድ ማውጣት ስለሚያስፈልግ ውቀጣው ይረዝማል፤ በውቀጣ የሚፈጠረው ሙቀትም ጠላት ይሆናል። ትኩስ ሥጋ ሙቀቱን ይታገሣል፤ የዋለ ሥጋ ግን ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ጉልበቱን እያጣ ይሄዳል፣ ሲቀቀልም ውሃውን ይተፋና ይሻክራል። ፍሪጅ ያለው ቤት ሥጋውንም ሙቀጫውንም ያቀዘቅዛል። መብራት በሌለበት ሌሊት ያደረ የእንስራ ውሃ አለ። የሸክላው ግድግዳ በቀጭኑ ስለሚያልብ፣ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ ውሃውም ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። ሥጋ የያዘ ሳህን በዚህ ውሃ በራሰ ጨርቅ ላይ ቢቀመጥ ለውቀጣው የሚያስፈልገውን ያህል ጊዜ ይቆያል። ቡሬ ከፍ ስላለ ደጋማ ነፋስ ያግዛል፤ ፍኖተ ሰላም ግን ቀትር ላይ ስለሚሞቅ ሥራው ማለዳ ቢጠናቀቅ ይመረጣል።

ስታርች ሲባል የግድ የታሸገ የበቆሎ ስታርች አይደለም። ድንች ተፍቆ፣ በነጠላ ጨርቅ ተጠቅልሎ ውሃ ውስጥ ሲጨመቅ ነጭ ወተት የመሰለ ነገር ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ቢተው ታች የሚዘቅጠው ንጹሕ የድንች ስታርች ነው፤ ውሃው ተደፍቶ በፀሐይ ይደርቃል። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት እንደሆነ ይነገራል፤ ዛሬ የምዕራብ ጎጃም ደጋ ገበሬ በሰፊው ያመርተዋል። ከእንሰት የሚገኘው ቡላም ገበያ ላይ ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው፤ ድቡልቡሉን ያለሰልሰዋል። ኢንዶኔዥያውያን ባክሶ ለሚሉት የካሳቫ ስታርች የሚጨምሩት ለተመሳሳይ ዓላማ ነው።

ዝንጅብል ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሥጋ ምግብ ሁሉ ዝንጅብል ይወዳል ብለን ስለለመድን እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። ጥሬ ዝንጅብል ግን ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለው። ጠንካራ ሥጋ ለማለስለስ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለፍተን የሠራነውን የማዮሲን መረብ ግን ይበጣጥሰዋል። ጥሬ ዝንጅብል የተቀላቀለበት ሊጥ አንድ ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ ድቡልቡሉ ይላላል። ስለዚህ ዝንጅብሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ሾርባው ይሂድ፤ የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ስለሚገድለው እዚያ ጉዳት የለውም።

ለመቀቀል ሰፊ ድስት ውሃ ይጣዳል፤ ግን አይፈላም። እንፋሎት ሲወጣና ገና አረፋ ሳይነሣ፣ 70 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ሊጡ በግራ እጅ ይጨበጥና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ተጨምቆ ሲወጣ በማንኪያ እየተቆረጠ ውሃው ውስጥ ይጣላል። ውሃው ከፈላ የውጪው ሽፋን ቀድሞ ይጨማደድና ውስጡን ያፈነዳዋል። ሁሉም ገብተው ካለቁ በኋላ እሳቱ ትንሽ ይጨመራል፤ ሲንሳፈፉ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያሉ። አንዱን ቆርጦ ውስጡ ቀይ አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል። የተወቀጠ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ከላይ ያለው ጀርም በውቀጣው ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከላይ ብቻ መብሰሉ አይበቃም። ጥሬ ሥጋ ወዳድ በሆነ አገር ይህን መናገር ግድ ነው። በቁርጥና በክትፎ የሚተላለፈው የኮሶ ትል እጭ በዚህ ሙቀት ይሞታል፤ ስለዚህ ቁርጥ የማይደፍሩ ሰዎችና ልጆች ያሉበት ቤት በዓሉን ከሌላው እኩል የሚካፈልበት ምግብ ነው።

የሾርባው ነገር የጎጃምን እናት የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ቅቅል የሚሠራ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ከመደቡ የደረሰው ቅልጥምና አጥንት በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ ሲፈላ የመጀመሪያው ውሃ ከነአረፋው ይደፋል፤ አጥንቱ ይታጠብና በአዲስ ውሃ ለሦስት ሰዓት በዝግታ ይንተከተካል። ቬትናማውያን ፎ የሚሉት ሾርባ መዓዛው የሚመጣው ቀይ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከነልጣጩ በፍም ላይ ተጠብሶ ስለሚገባበት ነው። የከሰል ምድጃ ለዚህ ከቡታጋዝ ይበልጣል። ልጣጩ ሲጠቁር ይፋቃል፣ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ድስት ውስጥ ይገባሉ፤ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ሦስት ቅርንፉድና ሁለት የተሰነጠቀ ኮረሪማ ይከተላሉ። እነሱ የሚጠቀሙት ጥቁር ሄልና የእኛ ኮረሪማ ከአንድ የዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው። ከቅመማቸው አንዱ የኮከብ ቅርጽ ያለው አኒስ ነው፤ ሳይኖርም ሾርባው ይቆማል።

ሶያ ሶስ ያለው ሁለት ማንኪያ ያክልበት። ከአኩሪ አተርና ከስንዴ በሻጋታ አማካይነት ለወራት ተብላልቶ የሚሠራ ነው፤ ሥራው ጨውና የሥጋ ጣዕም መጨመር ነው። የሌለው ሰው ሁለት ቲማቲም በጥቂት ዘይት እስኪጠቁር አቁላልቶ ሾርባው ውስጥ ይጨምር። ጣዕሙ አንድ አይሆንም፤ በቲማቲም ውስጥ ያለው ግሉታሜት ግን በሶያ ሶስ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው፣ ምላስም የሚፈልገው እሱን ነው።

ወደ ኑድሉ እንምጣ። በየሱቁ ያለው ፓኬት ኑድል የተጀመረው ጃፓን ነው። ታይዋን የተወለደው ሞሞፉኩ አንዶ እ.ኤ.አ. በ1958 የበሰለ ኑድልን በዘይት ጠብሶ ማድረቅ ይቻላል ብሎ ለገበያ አቀረበው። ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ውሃው በፍጥነት ተንኖ ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይወጣል፤ በኋላ ፈላ ውሃ ሲያገኝ በእነዚያ ቀዳዳዎች ገብቶ በደቂቃዎች ያለሰልሰዋል። ኢንዶሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተጀምሮ እኛም አገር የታወቀ ሆኗል። በኢንዶሚ መጀመር ነውር የለውም፤ ዱቄት ቅመሙን ትቶ በዚህ ሾርባ ቢበላ ብቻ እመክራለሁ። ሦስት ሰዓት የተንተከተከ ሾርባ ላይ የፓኬት ቅመም መጨመር ልፋትን ማባከን ነው።

የእኔ ምርጫ ግን ስፓጌቲ ነው። ስፓጌቲ ከዱረም ስንዴ ስለሚሠራ ጠንካራ ነው፤ የዱረም ስንዴ ደግሞ በኢትዮጵያ ገበሬ እጅ እጅግ ብዙ ዓይነት ስላለው ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገሪቱን ተዘዋውሮ ዘሩን ሰብስቧል። ብዙው የእስያ ስንዴ ኑድል ግን ከስፓጌቲ የሚለየው በዱቄቱ ብቻ ሳይሆን አልካሊ ስለሚገባበትም ነው። አልካሊ ግሉተኑን ያጠነክረዋል፣ ላዩን ያንሸራትተዋል፣ ቀለሙን ቢጫ ያደርገዋል፣ ራመን የሚባለው ኑድል ያለውን ልዩ ሽታም ይሰጠዋል። ዳቦ ጋጋሪ የሚጠቀምበት ቤኪንግ ሶዳ ይህን ሥራ ይሠራል። ቀጭን ስፓጌቲ ሲቀቀል ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ሲጨመር ስፓጌቲው ወደ ራመን ይጠጋል። አረፋው ድንገት ስለሚነሣ ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ ከወጣም በኋላ በሙቅ ውሃ ይለቅለቅ፣ አለበለዚያ የሳሙና ጣዕም ይቀራል። ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ትንሽ ያልፋል፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ቡሬ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ።

ኑድሉ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይገባል፣ ድቡልቡሎቹ ይቀመጡበታል፣ ሾርባው እንደፈላ ይገለበጥበታል። ከጎኑ ለአንድ ደቂቃ ፈላ ውሃ የነካ የአበሻ ጎመን ይሁን። ይህ ጎመን የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1935 በጽሑፍ ያቀረበው ከኮሪያዊ አባት ጃፓን የተወለደው ሳይንቲስት ዉ ጃንግ ቹን ነው፤ የቻይና ኑድል ላይ የሚቀመጠው ቅጠልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የደረሰ ማንጎ ሳይሆን ገና አረንጓዴው በቀጭኑ ተሰንጥቆ ቢነሰነስበት፣ ሎሚ ቢጨመቅበት፣ የበሶብላ ቅጠል ቢጣልበት የሾርባውን ክብደት ያነሣዋል። ትኩስ የድንብላል ቅጠል የሚፈልግ ከቅመም ገበያ የገዛውን ፍሬ ጓሮ ቢዘራ በአንድ ወር ገደማ ቅጠል ይቆርጣል።

ለቃጠሎው የቡሬ በርበሬ አለ። ድልህ ያለበት ቤት ሌላ ሶስ አያስፈልገውም፤ የበሰለ ዘይት ላይ አንድ ማንኪያ ድልህ ጣል አድርጎ፣ የተቆላ ሰሊጥ ጨምሮ ማውረድ ብቻ ነው። የኑግ ዘይት ቢሆን ይበልጣል፤ በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ከተመረቀው ፊቤላ ፋብሪካ የወጣውም ዘይት ሥራውን ይሠራል።

በሁዳዴ 55 ቀንና በየረቡዕ ዓርቡ ሥጋው ይቀራል፤ ሳህኑ ግን መቅረት የለበትም። የቻይና የቡድሃ መነኮሳትም ሥጋ ስለማይበሉ ከስንዴ ሥጋ የሚመስል ነገር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያወጡ ኖረዋል። አንድ ኪሎ የዳቦ ዱቄት በጨውና በውሃ ጠንከር አድርጎ ተለውሶ ለአንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ውሃው ሳይደፈርስ እስኪቀር ድረስ፣ ውሃ እየተቀየረ፣ ይታሻል። ስታርቹ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ እጅ ላይ የሚቀረው ሩብ ኪሎ ገደማ የሚሆን የሚለጠጥ ግሉተን ነው። ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ታሽቶበት በድቡልቡል ቅርጽ ተቆርጦ በተጠበሰ ሽንኩርትና ዝንጅብል ውሃ ለ40 ደቂቃ ይቀቀላል። ስፓጌቲው እንቁላል የሌለበት መሆኑ ፓኬቱ ላይ ይታያል። በማጠቢያው ውሃ ታች የዘቀጠው ስታርች አይደፋ፤ ደርቆ ከተቀመጠ ለፋሲካው ድቡልቡል ድንች መፋቅ አያስፈልግም።